ክሊኒካዊ ሙከራ በጤና ባለሙያው ዐይን

ክሊኒካዊ ሙከራ የሚባለው አንድ መድኃኒት፣ ክትባት፣ የቀዶ ሕክምና ስልት ወይም የእንክብካቤ ዘዴ ይጠቅም ወይም ይጎዳ እንደሆነ ለመለየት፣ አስቀድሞ በተጻፈና በገለልተኛ ገምጋሚዎች በጸደቀ ዕቅድ መሠረት፣ ፈቃዳቸውን በሰጡ ሰዎች ላይ የሚካሄድ ጥናት ነው። ስለዚህ ዓይነቱ ጥናት በአደባባይ ሲነገር በአብዛኛው ስማቸው የሚነሣው ተመራማሪው፣ መድኃኒቱን የሚያመርተው ኩባንያና ታካሚው ናቸው። በመካከል ሆኖ ታካሚውን በየቀኑ የሚያየው፣ ወደ ጥናቱ የሚልከው ወይም የሚያስቀረው፣ ጥናቱ ሲያልቅም ውጤቱን በሥራ ላይ የሚያውለው ወይም የሚተወው የጤና ባለሙያ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ ጤና መኮንኑ፣ ፋርማሲስቱ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዋና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስለ ክሊኒካዊ ሙከራ የሚያውቁትና የሚያስቡት ነገር የጥናቱን ዕድል በእጅጉ ይወስናል፤ የዚህ ንግግር ርእሰ ጉዳይም ይኸው ነው።

በልዩ ልዩ አገሮች ባለሙያዎችን በመጠየቅ የተደረጉ ቅኝቶች ደጋግመው ያሳዩት ሐሳብ ተቀራራቢ ነው። አብዛኛው ባለሙያ ክሊኒካዊ ሙከራ ለሕክምና እድገት አስፈላጊ መሆኑን ያምናል፤ ነገር ግን ታካሚዎች ለምን በዕጣ እንደሚመደቡ፣ ማነጻጸሪያ ቡድን ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ከጥናቱ መውጣት የፈለገ ሰው ምን መብት እንዳለው በዝርዝር ሲጠየቅ መልሱ እየሳሳ ይሄዳል፤ በመርህ የሚደግፈውም ሰው በተግባር የራሱን ታካሚ ወደ ጥናት ለመላክ ሲያመነታ ይታያል። ብዙዎች ይህን ክፍተት የእውቀት ማነስ ብቻ አድርገው ስለሚወስዱት መፍትሔው ሥልጠና ነው ብለው ይደመድማሉ። ሥልጠና አይጠላም፤ ዳሩ ግን ነገሩ ከዚያ ጠለቅ ይላል። የጤና ሙያ ሰውን የሚያሠለጥነው እርግጠኛ እንዲሆን ነው፤ ክሊኒካዊ ሙከራ ደግሞ ያንኑ ሰው «የትኛው እንደሚሻል እስካሁን አይታወቅም» ብሎ ሥራውን እንዲጀምር ይጠይቀዋል። የባለሙያው ማመንታት ዋና ምንጭ ይህ ግጭት ነው።

በቅድሚያ ግን የእውቀቱን ጉዳይ በአጭሩ ማየት ይገባል። በሕክምናና በጤና ሳይንስ ኮሌጆች የምርምር ዘዴ ትምህርት ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን በአብዛኛው እንደ ስታቲስቲክስና እንደ መመረቂያ ጽሑፍ ማዘጋጃ ነው። በዚህ መንገድ ያለፈ ተመራቂ መጠይቅ አዘጋጅቶ መቶኛ ማስላት ይችል ይሆናል፤ አንድን የታመመ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ «ከሁለቱ ሕክምናዎች አንዱ በዕጣ ይደርስዎታል» ብሎ ማስረዳትን ግን አልተለማመደም። ለሙከራ የሚያስፈልገው መልካም የክሊኒክ አሠራር የተባለው ዓለም አቀፍ የአሠራር ደንብ ሥልጠናም የሚሰጠው ጥናቱ ለቀጠራቸው ሰዎች ነው። ከጥናቱ ውጭ ያለው፣ በጤና ጣቢያ ተቀምጦ ለታካሚው ሪፈር የሚጽፈው ነርስ፣ ጥናት መኖሩን የሚሰማው ብዙውን ጊዜ በወሬ ነው።

ከዚህ የተነሣ ስለ ክሊኒካዊ ሙከራ ጠባብ የሆነ ሥዕል ይፈጠራል፤ ክሊኒካዊ ሙከራ ማለት ከውጭ የመጣ አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ መሞከር ነው የሚል። በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመው የፖዶኮኒዮሲስ ሙከራ ይህን ሥዕል ያፈርሰዋል። ፖዶኮኒዮሲስ በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለብዙ ዘመን በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣ የእግር እብጠት ሲሆን፣ በሕዝቡ ዘንድ ዝሆኔ ከሚባሉት ሕመሞች አንዱ ነው። በጥናቱ 696 ሕሙማን የተሳተፉ ሲሆን፣ የተፈተነውም እግርን በሳሙና መታጠብ፣ በረኪና በጠብታ በገባበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ ቆዳን በቅባት ማለስለስ፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነበር። አንድም አዲስ ኪኒን የለበትም። ሕሙማኑ በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ እንክብካቤውን ወዲያው፣ የቀሩት ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ አገኙ፤ ወዲያው የጀመሩት በትኩሳትና በሕመም የሚጥለው የእግር መቆጣት በጉልህ ቀነሰላቸው። ማንም ሰው ከሕክምናው ፈጽሞ አልተከለከለም፤ ተራው ብቻ በዕጣ ሆነ። ለፋሻና ለበረኪና ከመንግሥት በጀት ለመጠየቅ የሚፈልግ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት በእጁ ሊይዘው የሚገባ ማስረጃ ይህን የመሰለው ነው።

ወደ ዋናው ግጭት ለመመለስ፣ ፊስት በሚል ምሕጻረ ስም ከሚታወቀው ጥናት የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 በዩጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛንያ ሆስፒታሎች የተካሄደ ሲሆን፣ 3,141 በጽኑ ትኩሳት የታመሙና የደም ዝውውራቸው የተዳከመ ሕፃናትን አሳትፏል። እንዲህ ያለው ሕፃን እጁና እግሩ ይቀዘቅዛል፤ ጥፍሩን ተጭነው ሲለቁት ደሙ ቶሎ አይመለስም፤ የልብ ምቱ ይፈጥናል። በመላው ዓለም የነበረው ትምህርት ለእንዲህ ዓይነቱ ሕፃን በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ በአንድ ጊዜ በፍጥነት መስጠት፣ በባለሙያዎች አነጋገር ቦለስ መስጠት ነበር። ነገሩ ከመጽሐፍ አልፎ በእያንዳንዱ ድንገተኛ ክፍል በተግባር የሚታይ እምነት ስለነበረ፣ ፈጣን ፈሳሽ የማያገኝ ማነጻጸሪያ ቡድን መኖሩን አንዳንድ ባለሙያዎች እንደ ጭካኔ ቆጥረውት ነበር።

ውጤቱ ከተጠበቀው ተቃራኒ ሆነ። በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት፣ አልቡሚን የተባለውን ፈሳሽ በፍጥነት ካገኙት ከመቶ 10.6፣ የጨው ውኃ ካገኙት ከመቶ 10.5 ሲሆኑ፣ ፈጣን ፈሳሽ ካልተሰጣቸው ግን ከመቶ 7.3 ነበሩ። ተጨማሪ ሕፃናት ለአደጋ እንዳይጋለጡ የደኅንነት ተቆጣጣሪ ኮሚቴው ምዝገባው እንዲቆም መከረ። ይበልጥ አስተማሪ የሆነው በኋላ የተደረገው ዝርዝር ትንተና ነው። በመጀመሪያው ሰዓት የደም ዝውውራቸው ተስተካክሎ የታዩት ፈሳሽ የተሰጣቸው ሕፃናት በቁጥር ይበልጡ ነበር፤ ከመቶ 43 በ32። ፈሳሹን የሰቀለችው ነርስ ሕፃኑ ነፍስ ሲዘራ በዐይኗ ታያለች። ሞቱ የሚመጣው ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ ምናልባትም ተረኛ ከተቀየረ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለሞቱ ተጠያቂ የሚሆነው በሽታው እንጂ ፈሳሹ አይደለም። ስለዚህ ለዓመታት የተከማቸ የሥራ ልምድ፣ ቅንነትና ትጋት ሳይጎድለው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሊሳሳት ይችላል፤ ስሕተቱንም በአልጋ ዳር ቆሞ ማየት አይቻልም። (ጥናቱ በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀባቸውንና በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን እንዳላካተተ መጨመር ያስፈልጋል፤ ለተቅማጥ ፈሳሽ መስጠት ዛሬም ሕይወት ያድናል።)

የምርምር ሥነ ምግባር ሊቃውንት ሚዛናዊ ጥርጣሬ የሚሉት ሁኔታ እዚህ ላይ ይመጣል። በሙያው ማኅበረሰብ ዘንድ ከሁለት ሕክምናዎች የትኛው እንደሚሻል እውነተኛ አለመግባባት ካለ ብቻ ነው ሰዎችን በዕጣ መመደብ ተገቢ የሚሆነው። የሚሻለው ታውቆ ሳለ ሰውን ወደማይሻለው መመደብ ወንጀል ነው፤ የሚሻለው ሳይታወቅ እንደሚታወቅ ሆኖ ማከም ግን ማንም የማይጠይቅበት የየዕለት ተግባር ሆኖ ይኖራል። በኢትዮጵያ ይህን ጥርጣሬ ለታካሚ መግለጽ በተለይ ይከብዳል። ታካሚው ከሩቅ አገር ተነሥቶ፣ በሬ ሸጦ፣ ሌሊት ተሰልፎ የሚመጣው የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ነው። ነጭ ጋዎን የለበሰው ሰው «አላውቅም» ካለው፣ የሚያውቅ ወዳለበት ሌላ ክሊኒክ ይሄዳል። አማራጭ ተዘርዝሮለት «የትኛውን ይመርጣሉ?» ሲባልም መልሱ በአብዛኛው «እርስዎ እንዳሉት» ወይም «የሚሻለውን ያድርጉልኝ» ነው። ባለሙያው ታዲያ አለማወቁን የሚገልጽበት የተለመደ ቋንቋ በእጁ የለም፤ ጥናቱን ዝም ብሎ ማለፍ ወይም ከሁለቱ አንዱን እንደሚሻል አድርጎ ማቅረብ ይቀለዋል።

በሌላ አገር የተገኘ ውጤት ይህን ጥርጣሬ ያስወግዳል ብሎ ማሰብም አያዋጣም። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ትኩሳትና ክሳት የሚያስከትል፣ ጣፊያን የሚያሳብጥና ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው፤ በመተማና በሑመራ በሰሊጥና በማሽላ እርሻ ላይ ለሥራ የሚወርዱ ወጣቶች በደንብ ያውቁታል። በሕንድ በተደረገ ሙከራ ፓሮሞማይሲን የተባለው መርፌ ለ21 ቀን ተሰጥቶ ከመቶ 95 ያህሉን ሕሙማን ፈወሰ። ያው መድኃኒት በዚያው መጠን በሱዳን፣ በኬንያና በኢትዮጵያ ሲሞከር የፈወሰው ከመቶ 64 ያህሉን ብቻ ሲሆን፣ የቀድሞው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ግን ከመቶ 92 ፈወሰ፤ በሱዳን በነበሩ ጣቢያዎች የፓሮሞማይሲን ውጤት ከ64ቱም በእጅጉ ዝቅ ያለ ነበር። ሙከራው በዚህ አካባቢ ባይደረግ ኖሮ የሕንዱ መጠን እንዳለ ተወስዶ ብዙ ሰው ይሞት ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው ሁለቱን መድኃኒቶች ማቀናጀት ትኩረት ያገኘው። እ.ኤ.አ. በ2003 በካርቱም የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የሌሽማንያሲስ የምርምር ጥምረት በጎንደርና በአርባ ምንጭ ጭምር ባካሄደው ሙከራ፣ የ17 ቀኑ ቅንጅት ከ30 ቀኑ የስቲቦግሉኮኔት ነጠላ ሕክምና ጋር የሚቀራረብ ፈውስ እንደሚሰጥ ታየ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ለአካባቢው መከረው። ለታካሚው 13 ቀን ማለት 13 ተጨማሪ የመርፌ ቀን፣ ከአጨዳ የቀረ 13 የሥራ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሌላ ሙከራ ደግሞ ስቲቦግሉኮኔትን አስወጥቶ በሚዋጠው ሚልቴፎሲን በመተካት የ14 ቀን ሕክምና አመጣ። እነዚህን ሙከራዎች ያካሄዱት፣ የጣፊያን መጠን በጣታቸው የለኩት፣ መርፌውን የወጉት የአገር ውስጥ ሐኪሞችና ነርሶች ናቸው። ምርምር የውጭ ሰው ሥራ ነው የሚለው ስሜት በጤና ባለሙያው ዘንድ ሥር ሰድዶ መቆየቱ፣ ይህ ታሪክ በኮሌጆች በበቂ ስላልተነገረ ይመስላል።

ሌላው ባለሙያውንና ታካሚውን እኩል የሚያሳስተው፣ ፖል አፕልባውምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 ያመላከቱት ጥናትን ከግል ሕክምና ጋር የማምታታት ዝንባሌ ነው። በተለመደው ሕክምና እያንዳንዱ ውሳኔ ለዚያ ታካሚ ጥቅም ይደረጋል፤ በሙከራ ውስጥ ግን ዕቅዱ የሚመራው ለወደፊት ታካሚዎች በሚገኘው እውቀት ጭምር ነው፤ አንዳንዱ የደም ናሙናም ለታካሚው ሕክምና ሳይሆን ለጥናቱ መልስ የሚወሰድ ነው። በጥናት ክፍል አልጋው ንጹሕ፣ ምርመራው ነጻ፣ ክትትሉ የበዛ ስለሚሆን ነርሷ ራሷ «እዚያ ብትገባ ይሻልሃል» ብላ ትልካለች። ምክሩ ከቅንነት የመጣ ነው፤ ፈቃዱን ግን ያጎድለዋል። የዕጣው ነገርም እንዲሁ በጥንቃቄ ካልተገለጸ ያሳስታል፤ ታካሚው ዕጣን የሚያውቀው ከእቁብ ነውና፣ በእቁብ ደግሞ ዕጣ የወጣለት ደስ ይለዋል፣ ያልወጣለት ይጠብቃል፤ በሙከራ ግን ዕጣው በሚወጣበት ሰዓት የቀናው ማን እንደሆነ አውጪውም አያውቅም።

የታወቀ ፈቃድ የሚባለው፣ ማለትም ሰው ስለ ጥናቱ ዓላማ፣ ስለ ጉዳቱና ስለ ጥቅሙ ተረድቶ በነጻነት የሚሰጠው ስምምነት፣ በብዙ ባለሙያ ዘንድ እንደ ወረቀት ሥራ ይታያል፤ አንብቦ ማስፈረም፣ ማንበብ የማይችለውን በምስክር ፊት ጣት ማስነካት። እዚህ ላይ ነገሩ የሚከብደው በድንገተኛ ሕመም ጊዜ ነው። ልጇ በሞት አፋፍ ያለች እናት ስድስት ገጽ ሰምታ ልትወስን አትችልም። የፊስት አጥኚዎች ለዚህ የተጠቀሙበት መንገድ፣ በመጀመሪያ አጭር የቃል ስምምነት መቀበልና ሕፃኑ ሲረጋጋ ሙሉውን ማብራሪያ ሰጥቶ የጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ ነበር፤ ይህም በሥነ ምግባር ገምጋሚዎች አስቀድሞ የጸደቀ ነበር። መንገዱ ያከራክራል፤ ነገር ግን ፈቃድ በአንድ ፊርማ የሚያልቅ ሳይሆን ጥናቱ እስኪፈጸም የሚቀጥል ንግግር መሆኑን በግልጽ ያሳያል።

የባለሙያው ጥርጣሬ ሁሉ ግን ከአለማወቅ የመነጨ አይደለም፤ ታሪክ የሰጠው ምክንያትም አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 በናይጄርያ ካኖ በማጅራት ገትር ወረርሽኝ መካከል ፋይዘር ኩባንያ ትሮቫፍሎክሳሲን የተባለውን መድኃኒት ከሌላ መድኃኒት ጋር በማነጻጸር በ200 ሕፃናት ላይ ሞከረ። 11 ሕፃናት ሞቱ፤ በሁለቱም ወገን የሞቱት ቁጥር ተቀራራቢ ቢሆንም፣ የወላጆች ፈቃድ በአግባቡ መገኘቱ አከራከረ፤ ለጥናቱ ተሰጠ የተባለው የሥነ ምግባር ማጽደቂያ ደብዳቤም በኋላ የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ክርክሩ ለዓመታት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ኩባንያው ከካኖ ግዛት ጋር በገንዘብ ስምምነት ዘጋው። ከዚህ ቀደም ብሎም፣ የአዲስ አበባው የምርምር ተቋም ስሙን የወረሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኘው ኖርዌያዊው ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን፣ ከአንዲት ታካሚ ፈቃድ ሳያገኝ የበሽታውን ቁስ በዐይኗ ውስጥ በማስገባቱ እ.ኤ.አ. በ1880 በርገን ላይ በፍርድ ቤት ተፈርዶበት ከሆስፒታል ሐኪምነቱ ተነሥቷል። ታላቅ ሳይንቲስት መሆን ፈቃድን ከመጠየቅ ነጻ እንደማያወጣ ፍርድ ቤቱ የተናገረው ከኑረምበርግ የሕክምና ሥነ ምግባር ደንብ 67 ዓመት ቀድሞ ነው።

ዛሬ በኢትዮጵያ አንድ የመድኃኒት ሙከራ ከመጀመሩ በፊት በተቋም ደረጃና በብሔራዊ ደረጃ በሥነ ምግባር ቦርድ ይገመገማል፤ ከዚያም የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል። ሪፈር የሚጽፈው ባለሙያ ይህን ሰንሰለት ቢያውቅ ሁለት ነገር ያገኛል፤ ጥናቱ ሕጋዊ መሆኑን የሚጠይቅበት ቦታ፣ ታካሚው ሲጎዳ የሚያመለክትበት ቦታ። የሚጠራጠር ባለሙያን ዝም ከማሰኘት ይልቅ ጥርጣሬውን ወደዚህ መምራት ለጥናቱም ይበጃል።

ስለ ሥራ ጫና ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ በቀን መቶ ታካሚ የሚያይ ሰው ተጨማሪ ቅጽ ሲሰጠው ምን እንደሚሰማው ማንም ይገምታል። በአደባባይ እምብዛም የማይነገረው የአበል ጉዳይ ግን መነሣት አለበት። በአንድ ዋርድ ውስጥ የጥናቱ ነርስ ተጨማሪ ክፍያ ሲያገኝ፣ ታካሚውን ሌሊት የተቀበለችው፣ ትኩሳቱን የለካችው ባልደረባው ምንም አታገኝም። የእርሷ መልስ ግልጽ ነው፤ «የእነሱ ታካሚ ነው» ትላለች። እንዲህ ሲሆን ጥናቱ በሆስፒታሉ ውስጥ እንደ ደሴት ይቀራል።

በእንግሊዝ በኮቪድ ጊዜ የተካሄደው ሪከቨሪ የተባለ ሙከራ የተለየ መንገድ ይዞ ነበር። ቅጾቹ እጅግ አጭር ተደርገው፣ ምዝገባው በመደበኛው ሐኪምና ነርስ እጅ ሆኖ፣ ከ170 በላይ ሆስፒታሎች ተሳተፉበት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የመጀመሪያው ታካሚ ተመዝግቦ፣ በሰኔ ወር ዴክሳሜታሶን የተባለው ርካሽና የቆየ መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉ ሕሙማን ሞትን በሲሶ እንደሚቀንስ ታወቀ፤ በዚያው ሰሞን በመላው ዓለም በተስፋ ይታዘዝ የነበረው ሃይድሮክሲክሎሮኪን በሆስፒታል ላሉ ሕሙማን እንደማይጠቅም ታየ። ፍጥነቱ የመጣው ምርምር ከሕክምና ሥራ ተነጥሎ ሳይሆን እንደ አንድ የሕክምና ሥራ ስለተያዘ ነው። እርግጥ እንግሊዝ ብሔራዊ የጤና መዝገብ ያለው አገር ነው፤ የካርድ ክፍል ፋይል በሚጠፋበት ቦታ ይህን እንዳለ መቅዳት አይቻልም።

በአማራ ክልል የተካሄደው የዐይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ሙከራ ለአገራችን የቀረበ ምሳሌ ይሰጣል። ትራኮማ የዐይን ቆብን አጣምሞ ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ ሲያዞረው፣ ፀጉሩ ዐይንን እየፋቀ ያሳውራል፤ ሕሙማኑም በወረንጦ እየነቀሉ ይኖራሉ። ቀዶ ሕክምናውን በገጠር የሚሠሩት የዐይን ስፔሻሊስቶች ሳይሆኑ ለዚህ የሠለጠኑ፣ በአብዛኛው ነርሶች የሆኑ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሁለት የአሠራር ስልቶችም ነበሯቸው፣ እያንዳንዱም ደጋፊ ነበረው። በ1,000 ሕሙማን ላይ በተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ሙከራ፣ ቆቡን በሙሉ ውፍረቱ በሚቆርጠው ስልት ከታከሙት ከመቶ 22፣ ከውስጥ በኩል ብቻ በሚቆርጠው ስልት ከታከሙት ከመቶ 13 በአንድ ዓመት ውስጥ ፀጉሩ ተመልሶባቸዋል። በዚህ ጥናት ባለሙያዎቹ የፈተኑት የሌላ ሰው መድኃኒት ሳይሆን የገዛ እጃቸውን ሥራ ነበር።

ውጤት ወደ ባለሙያው ሳይመለስ ሲቀር ደግሞ የሙከራው ድካም ግማሹ ይባክናል። በጤና ጣቢያዎች የሚሰማው ትልቁ ቅሬታ «መረጃ ይወስዳሉ፣ ውጤቱ አይመለስም» የሚለው ነው፤ ቅሬታውም እውነት አለው፤ የሚታተመው በእንግሊዝኛ፣ በሩቅ መጽሔት ነው። መመሪያውም ዘግይቶ ይመጣል። የፊስት ውጤት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ድንገተኛ ሕክምና መመሪያውን በዚህ ጉዳይ ያሻሻለው በ2016 ነው። በእነዚያ ዓመታት መካከል ውጤቱን ያልሰማች ተረኛ ነርስ፣ በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የቀድሞውን ሰንጠረዥ እያየች፣ በትክክል እንደተማረችው ፈሳሹን በፍጥነት ትሰጥ ነበር።